በር ተዘግቶ የሚደረግ ውድድር

(ሁሉም ከየቤቱ ሆኖ በስክሪን የሚሽቀዳደምበት፣ በአምስት ቀን አምስት ምዕራፍ ያለው የቤት ውስጥ የብስክሌት ውድድር ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ለተወዳዳሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ብዙም አልተነካካም።)

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ? አልሰማሁም! እንደምን አመሻችሁ? እሰይ፣ አሁን ሰማሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ፊት ወንበር አለ።

ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል። ከብዙዎቻችሁ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ተሽቀዳድሜያለሁ። አቀበት ላይ ጥላችሁኝ ሄዳችኋል፤ መጨረሻው መስመር ላይ ተናንቀናል። ፊታችሁን ያየሁት ግን ገና ዛሬ ነው። እስከ ዛሬ የማውቀው ስክሪኑ ላይ ያለውን ስማችሁንና ዋታችሁን፣ የጉልበታችሁን ልክ፣ ነበር።

ስትገቡ በሩ አጠገብ የሰውነት ሚዛን ተቀምጦ ሳታዩ አልቀራችሁም። የእኔ ነው። ከቤቴ ተሸክሜው ነው የመጣሁት። ለምን እንዳመጣሁት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የቆምኩት። አንደኛ፣ ክፍላችን ውስጥ የምናደርገው ይህ ነገር ውድድር ነው ወይ የሚለውን። ሁለተኛ፣ በአንዱ ምዕራፍና በሚቀጥለው መካከል ስላለው ጊዜ። ሦስተኛ፣ ስለ ሚዛኑ። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

እሺ፣ ከአንደኛው ልጀምር። "ከቦታው የማይነቃነቅ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ምን ውድድር አለ?" ይሉናል። ሰምታችሁት የለም? እኔ ከገዛ ወንድሜ ሰምቼዋለሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ውድድርን ውድድር የሚያሰኘው ምንድን ነው? አስፋልቱ ነው? ንፋሱ ነው? ወይስ አጠገባችሁ ያለው ሰው እንዳያመልጣችሁ ስትሉ ከራሳችሁ የምታወጡት ጉልበት? መንገዱ የተሳለ ነው፤ አልክድም። አቀበቱን የሠራው ኮምፒውተር ነው። እግራችሁ ላይ የሚሰማችሁ ክብደት ግን የተሳለ አይደለም። አቀበት ሲመጣ ስማርት ትሬነሩ፣ ብስክሌቱን የምንገጥምበት መሣሪያ፣ ይከብዳል፤ ቁልቁለት ሲመጣ ይቀላል። ፔዳሉ ላይ ያሳረፋችሁትን ጉልበት በዋት ይለካል፤ ጥሩ የሚባለው መሣሪያ ቢሳሳት በመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከዚያ ዋታችሁ፣ ክብደታችሁና ቁመታችሁ አንድ ላይ ሆነው ስክሪኑ ላይ ያለውን ፍጥነት ይወስናሉ። ከፊታችሁ ሰው ካለ ንፋሱን ይሰብርላችኋል። ብቻችሁን ከወጣችሁ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ይህ ከውጪው በምን ይለያል?

ከውጪው የሚብስበትም ነገር አለ። መንገድ ላይ መታጠፊያ ሲመጣ እግር ያርፋል፤ ቁልቁለት ሲመጣ እግር ያርፋል፤ መንጋው ሲዘገይ እግር ያርፋል። እኛ ዘንድ አንድ ሰዓት ማለት አንድ ሰዓት ሙሉ መርገጥ ነው። ብሬክ የለም። መታጠፊያ ፈርቶ የሚዘገይ የለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020፣ ዓለም በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ፣ ዲጂታል ስዊስ 5 የተባለ የአምስት ቀን ውድድር ሩቪ በተባለው የቤት ውስጥ ብስክሌት ፕሮግራም ላይ ተደረገ። ፕሮፌሽናል ጋላቢዎች ከየቤታቸው ሆነው ተሳተፉ። በዚያው ዓመት ጁላይ ቱር ደ ፍራንስ ራሱ ዝዊፍት ወደተባለው የብስክሌት ጨዋታ ፕሮግራም ገባ። በሦስት ቅዳሜና እሁድ ስድስት ምዕራፍ ሄደ፤ አንዱ ምዕራፍ ሞን ቫንቱ የተባለውን ተራራ እስከ ሻሌ ሬናር ድረስ ያስወጣ ነበር፤ ማብቂያው የፓሪሱ ሻንዝ ኤሊዜ ጎዳና ነበር። ይህን ስሙልኝ፦ ወንዶችና ሴቶች የጋለቡት አንድ ዓይነት መንገድ ነው፣ እኩል ርቀት ነው። ቱር ደ ፍራንስ ፋም የተባለው የሴቶች ውድድር አስፋልት ላይ የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2022 ነው። እህቶቼ፣ በዚህ ነገር ስክሪኑ አስፋልቱን ቀድሞታል፤ በዚህ ልንኮራ ይገባናል።

ዲሴምበር 9 ቀን 2020 ደግሞ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ ዩሲአይ፣ የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና አደረገ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነበር። በሴቶች ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮ አሸነፈች። በወንዶች ያሸነፈው ጀርመናዊው ጄሰን ኦዝቦርን ቀዛፊ ነበር! በሚቀጥለው ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቀዘፋ የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው። አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን ደግሞ በዝዊፍት አካዳሚ ተፎካክሮ ነው ፕሮፌሽናል ቡድን የገባው። በ2022 ፌብሩዋሪ የቤት ውስጡን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በስፔኑ ታላቅ ውድድር በቩየልታ ሁለት የተራራ ምዕራፎችን አሸነፈ። ያው እግር ነው። ክፍል ውስጥ የሠራው እግር ተራራው ላይ ወጣ።

እኔን ግን ይህ ውድድር መሆኑን ያሳመነኝ ሻምፒዮን አይደለም። በቡድናችን አንዲት እህት ነበረች። እናቷ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ የምታስታምማቸው እሷ ብቻ ነበረች። ውጪ ወጥታ መጋለብ ካቆመች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። እናቷ ሲተኙ ትሬነሩ ላይ ትወጣለች። ሁላችንም ድምፅ እንዳንረብሽ በራችንን ዘግተን ነው የምንጋልበው፤ እሷ ግን እናቷ ቢጠሯት እንድትሰማ በሯን ከፍታ ነበር የምትጋልበው። አንድ ቀን አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ከመሪዎቹ ጋር ሆና ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀራት፣ ስክሪኑ ላይ ዋቷ ዜሮ ሆነ። ቆመች። መንጋው ጥሏት ሄደ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ስሟ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ብቻዋን ጨረሰች። እናቷ ውኃ ጠይቀው ነበር። በማግስቱ አምስተኛው ምዕራፍ መነሻ ላይ ስሟን አየሁት። ይህች ሴት ተወዳዳሪ አይደለችም የሚል ማን ነው? እስቲ ማን ነው?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የአንድ ቀን ውድድርና የአምስት ቀን ውድድር አንድ አይደሉም። የአንድ ቀኑ "ምን ያህል አለህ?" ይልሃል። የአምስት ቀኑ "ነገስ?" ይልሃል። በየቀኑ "ነገስ? ነገስ?" ይልሃል።

የእኛ ውድድር ጊዜ ይደምራል። ነጥብ የሚሰጡ ተከታታይ ውድድሮች አሉ፤ እነሱ ላይ አንድ መጥፎ ቀን ብዙ አይጎዳም። ጊዜ ሲደመር ግን አንድ መጥፎ ቀን እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል። ስለዚህ ሰዓት መረጣችሁን ቀላል አታድርጉት። እያንዳንዱ ምዕራፍ በቀን አራት ጊዜ ይነሣል፤ በየትኛው መግባት ይሻላል? ሜዳ ለሆኑት ምዕራፎች ብዙ ሰው የሚገባበትን ሰዓት ያዙ። ትልቅ መንጋ ንፋስ ይሰብራል፤ ሃያ ሰው ከስድስት ሰው ይፈጥናል። ክሮኖው፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ምዕራፍ፣ ላይ ግን ከማንም ኋላ መደበቅ ስለማይቻል፣ እግራችሁ የሚነቃበትን ሰዓት ምረጡ። ጠዋት የሚነቃ ጠዋት፣ ማታ የሚነቃ ማታ።

መነሻው ላይ አትዘናጉ። እዚህ ውድድር ላይ ቀስ ብሎ መጀመር የለም። ሰዓቱ ዜሮ ሲል መንጋው ይፈነዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉት ናቸው። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ። ትሬነራችሁ መለካከት የሚያስፈልገው ዓይነት ከሆነም ከሞቀ በኋላ ለኩት፤ ቀዝቃዛ ትሬነርና የሞቀ ትሬነር አንድ ቁጥር ላይሰጡ ይችላሉ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የምዕራፍ ውድድሬ ከአራት ዓመት በፊት ነበር። አንደኛው ቀን ላይ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ሰባተኛ ሆኜ ጨረስኩ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ከብስክሌቱ ወርጄ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ውጤቱን ደጋግሜ አየሁ፣ ለጓደኞቼ ላክሁ። እራት አልበላሁም፤ ደስታው አጥግቦኝ ነበር። እንቅልፍም እምቢ አለኝ፤ ከውድድሩ በፊት ካፌይን ያለው ነገር ጠጥቼ ነበርና። ካፌይን ገብቶ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው። ይህን ያኔ የነገረኝ የለም፤ እኔ እየነገርኳችሁ ነው።

ሁለተኛው ቀን እንደምንም አለፈ። ሦስተኛው ቀን አቀበት ነበር። እግሩ ሥር ስንደርስ ስክሪኑ 230 ዋት ይላል። ትንሽ ቆይቶ 190። እኔ በተመሳሳይ ጥንካሬ እየረገጥኩ ይመስለኛል፤ ቁጥሩ ግን ይወርዳል። 150። ስም በስም እያለፉኝ ሄዱ። ማርሽ ቀየርኩ፣ ቆሜ ረገጥኩ፣ ጮህኩ። ምንም የለም። ባዶ ነበርኩ። ወረድኩና በላብ የረጠበው ወለል ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየችኝና አንድም ቃል ሳትናገር ፎጣ ደረበችልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ገባሁ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፦ ጉልበቴ አልጨመረም። ከውድድሩ በፊት ተለካሁ፤ ለአንድ ሰዓት ልይዘው የምችለው ያው 230 ዋት ነበር። አምስቱንም ምዕራፍ ግን ጨረስኩ፤ አምስተኛውን እንደ አንደኛው። ምን ተለወጠ? የተለወጠው ከብስክሌቱ ከወረድኩ በኋላ የማደርገው ነገር ነው። ጉልበቴ ያው ነበር፤ ማታዬ ተለወጠ።

ከመስመሩ በኋላ አሥር ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ርገጡ፤ ድንገት አትቁሙ። ከዚያ ስልኩን ሳታነሱ ብሉ። የባዶ ጡንቻ ስኳር እስኪሞላ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ያውም በደንብ ከተበላ ነው። በእናንተና በነገው ምዕራፍ መካከል ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው! ግማሹን ውጤት ሲያዩ አሳልፎ የሚተርፍ የለም። ምዕራፉ ከአንድ ሰዓት ካለፈም እየጋለባችሁ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ውሰዱ፤ "ቤት ነኝ፣ ስጨርስ እበላለሁ" አትበሉ።

ሙቀቱን አልረሳሁትም። በጣም ብዙ ሰው የሚወድቀው በእግሩ ድካም ሳይሆን በሙቀት ነው። ሰውነት ካቃጠለው ኃይል ፔዳል ላይ የሚደርሰው ቢበዛ አንድ አራተኛው ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ፔዳሉ ላይ 200 ዋት ስታወጡ ሰውነታችሁ ቢያንስ 600 ዋት ሙቀት ያወጣል። በር ዘግታችሁ በትንሽ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አብርታችሁ እንደመሮጥ ነው፤ ማሞቂያው እናንተ ናችሁ። ውጪ ንፋሱ በነጻ ያቀዘቅዛችኋል። እዚህ ግን ስክሪኑ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ ፊታችሁን የሚነካ ንፋስ የለም። ቬንትሌተር እንደ ብስክሌቱ ጎማ ቁጠሩት። ሁለት ይሁን፤ አንዱ ደረት፣ አንዱ ጀርባ። የልብ ምታችሁ ሲወጣ፣ ዋታችሁ ግን ካለበት ፈቀቅ ሳይል ሲቀር፣ ሙቀት መሆኑን ዕወቁ።

ስንት ውኃ ከሰውነታችሁ እንደወጣ ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ከምዕራፉ በፊት ተመዘኑ፣ ከምዕራፉ በኋላ ላባችሁን አድርቃችሁ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያንን ሳትተኩ ብትተኙ ነገ የምትነሡት ተጠምታችሁ ነው።

ይኸው፣ ሚዛኑ ላይ ደረስን።

ሦስተኛው ነገር ይህ ነው፤ ስናገረው ይከብደኛል።

በእኛ ውድድር ዋት ብቻውን ምንም አይደለም፤ አቀበት ላይ የሚቆጠረው ዋት ለኪሎ ነው። ዋቱን ትሬነሩ ይለካል። ኪሎውን የሚጽፈው ማን ነው? እኛ ነን። ማንም የማያየን ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በጣታችን የምንጽፈው ቁጥር ነው። የዓለም ሻምፒዮና ላይ የሚቆጣጠር አለ። እኛን የሚቆጣጠረን ማን ነው?

መለያዬን ስከፍት 68 ኪሎ ብዬ ጻፍኩ፤ ያኔ እውነት ነበር። ከዚያ ጉልበቴን ታምሜ ለረጅም ጊዜ ሳልጋልብ ቆየሁ። ስመለስ ቁጥሩን አልነካሁትም። በሦስተኛው የምዕራፍ ውድድሬ አራተኛው ምዕራፍ አልፕ ዱ ዝዊፍት የተባለው የዝዊፍት አቀበት ነበር፤ 12.2 ኪሎ ሜትር፣ 21 መታጠፊያ፣ 1,036 ሜትር ወደ ላይ። በአንድ ሰዓት ወጣሁት። አጠቃላይ ድምሩ ላይ አራተኛ ሆንኩ፤ አራተኛ! የማላስበው ነገር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ልጄ መታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ እየወጣች እየወረደች ትጫወት ነበር። "አባዬ፣ አሁን አንተ" አለችኝ። ቆምኩ። 74።

አላውቅም ነበር ልል አልችልም። ቁጥሩን አላውቀውም እንጂ እንደከበድኩ አውቅ ነበር። ልጠይቅ አልፈለግሁም፤ እሱ ነው እውነቱ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 230 ዋት ለ68 ሲካፈል 3.4 ይሆናል፤ ለ74 ሲካፈል 3.1። ስምንት ኪሎ የብስክሌት ክብደት ጨምሬ ስደርስበት፣ ያንን አቀበት በእውነተኛ ክብደቴ ብወጣው ከአራት ደቂቃ በላይ ይጨምርብኝ ነበር። አራት ደቂቃ! ከእኔ በኋላ የነበረው ሰው የዘገየው በአርባ ሰከንድ ነው። የእሱን ቦታ ነበር የያዝኩት። ከኋላው ያሉትንም፣ የስንቱን እግር፣ የስንቱን ማታ።

ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ። የአራቱም ምዕራፍ ውጤቴ ተሰረዘ። ተገቢ ነው። ለዚያ ለአምስተኛው ሰው ደግሞ ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ። ብዙ አላወራንም። ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። ወንድሜ፣ ያኔ በስልክ ያልኩህን ዛሬ በሰው ፊት እልሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

(ጭብጨባ።)

አመሰግናለሁ፤ ይብቃ። በ2019 በብሪታንያ የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ ብሔራዊ ሻምፒዮና ያሸነፈ ጋላቢ ማዕረጉን ተነጥቆ፣ ተቀጥቶ፣ ለስድስት ወር ታግዷል። በውድድሩ ዕለት የረገጠው በገዛ እግሩ ነው። ጥፋቱ ቀደም ብሎ የተሠራ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ያለውን ፈጣን ብስክሌት የሚያስገኘውን ረጅም አቀበት በእግሩ ሳይሆን በኮምፒውተር ፕሮግራም አስወጥቶ ነበር። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ከመነሻው በፊት በጓዳ የሚደረገው ነገር ከመስመሩ በኋላ እንደሚከተለን እንድታዩት ነው። የእኔም ከመነሻው በፊት የሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ለወጣቶቹ። እውነተኛ ክብደታችሁን ጻፉ ስል ክብደታችሁን ቀንሱ ማለቴ አይደለም! ከመመዘናችሁ በፊት ራሳችሁን ውኃ እንዳትከለክሉ፣ ምግብ እንዳትተዉ። አደራ እላችኋለሁ። የተራበ ሰው ሦስተኛውን ቀን አያልፍም፤ ጤናውንም ይጎዳል። ከበዳችሁ? ሜዳው የእናንተ ነው። ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ጥሬው ዋት ነው፤ ከአምስቱ ምዕራፎች ሁለቱ ሜዳ ናቸው። ቀለላችሁ? አቀበቱን ጠብቁ። ሁሉም በየራሱ ቀን አለው፤ ቁጥሩ እውነት ከሆነ።

እንግዲህ ምዝገባው የሚዘጋው ነገ ማታ ነው። ሚዛኑ በሩ አጠገብ ነው፤ ዛሬ ጠዋት በታወቀ ክብደት ፈትሼዋለሁ፣ ልክ ነው። ማንም አይገደድም፤ ቁጥራችሁን ለማንም መናገር የለባችሁም። ቆሙበት፣ እዩት፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ እዚያው ጻፉት። ቤቱ ሚዛን የሌለው ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ያመጣሁት። ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ቡድናችን ሚዛኑን በተራ በየቤቱ ያደርሳል፤ ላባችሁንም ለክታችሁ ታውቁበታላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አንሡ። እስከዚያው ቀድሜ የምቆምበት እኔ ነኝ። ጫማዬን ላውልቅ።